ባለዘለበቷ የበዓል ጫማ

“ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ይላል ያገራችን ሰው፡፡ ተረቱ ስለ ጫማ ያለው ነገር የለም፡፡ አዲስ አበባ ላደግን ሴቶች ልጆች ግን ከቀሚሱ ባላነሰ የምንጓጓላት ነገር ነበረች፤ አፍንጫዋ ክብ፣ ተረከዟ ዝቅ ያለ፣ በእግር ላይ አቋርጦ ጎኗ ላይ በዘለበት የሚታሰር ጠፍር ያላት፣ እንደ መስተዋት የምታብረቀርቅ ጥቁር ጫማ፡፡ ለመሆኑ ይህቺ ጫማ ከየት መጣች?

ፈረንጆቹ “ሜሪ ጄን” ይሏታል፡፡ ስሙን ያገኘችው ከጫማ ሰሪ ሳይሆን ከጋዜጣ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1902 አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ሪቻርድ አውትኮልት “በስተር ብራውን” የተባለ የሀብታም ቤት ልጅ፣ ግን መረን የለቀቀ ተንኮለኛ፣ በ“ኒው ዮርክ ሄራልድ” ጋዜጣ ላይ ይዞ ብቅ አለ፡፡ ከበስተር ጋር ታይግ የሚባል ውሻውና ሜሪ ጄን የምትባል ልጅ ነበሩ፡፡ በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ወቅት አውትኮልት በገጸ ባሕርያቱ ስም የመነገድን መብት ለብዙ ነጋዴዎች ሸጠ፡፡ ከገዢዎቹ አንዱ የዚያችው ከተማ ብራውን የጫማ ኩባንያ ነበር፡፡ ኩባንያው ቁመታቸው አጫጭር የሆኑ ተዋንያንን እንደ በስተር አልብሶ፣ ውሻ አስከትሎ፣ ከከተማ ከተማ እያዞረ ጫማውን አስተዋወቀ፡፡ ሜሪ ጄንም የጫማ ስም ሆና ቀረች፡፡

የሚገርመው፣ ባለጠፍሩ ጫማ ያን ጊዜ የሴት ብቻ አልነበረም፡፡ በስተር ራሱ ያደርገው ነበር፡፡ በ1920ዎቹ እንግሊዛዊው ኧርነስት ሼፐርድ ለ“ዊኒ ዘ ፑህ” መጽሐፍ የሣለው ወንድ ልጅ፣ ክሪስቶፈር ሮቢንም እግሩ ላይ ይኸው ጫማ አለ፡፡ እየቆየ ግን ወንዶቹ በክር ወደሚታሰረው ጫማ ሄዱ፤ ጠፍሩ ለሴቶች ልጆች ቀረ፡፡ በ1930ዎቹ ሕፃኗ ተዋናይ ሸርሊ ቴምፕል በፊልም አድርጋው ታየች፡፡ ጫማው የቤተ ክርስቲያን፣ የፋሲካና የልደት ቀን ሆነ፡፡ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ጭረት አይችልም፤ ክፍት የሆነው ላዩ አፈር ያስገባል፡፡ ጫማዋን ያደረገች ልጅ ቀስ ብላ መራመድ ግድ ይላታል፡፡

እኛም ቀስ ብለን ተራምደናል፡፡ እናቴ ጫማዬን የምትገዛው በሁለት ቁጥር አስበልጣ ነበር፡፡ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ይጎሰጎስና ለእንቁጣጣሽ አደርገዋለሁ፤ “አበባዮሆሽ” ስል ግን ዓይኔ ከመስከረም ጭቃ አይነቀልም፡፡ ከዚያ ወደ ካርቶኑ፡፡ ለገና ይወጣል፤ ለጥምቀት ከጃንሜዳ አቧራ ጋር ይታገላል፤ ለፋሲካ ይወለወላል፡፡ በዓመት አራትና አምስት ቀን መሆኑ ነው፡፡ ጥጡ ወጥቶ ልክ የሆነልኝ አንድ በዓል ብቻ ትዝ ይለኛል፡፡ በሚቀጥለው ጣቴን አጥፌ አደረግሁት፡፡ ከዚያ ለታናሽ እህቴ፣ ገና አዲስ እንደሆነ፡፡

ባለፈው እንቁጣጣሽ ለልጄ ይህንኑ ጫማ በልኳ ገዛሁላት፡፡ በማግስቱ ተጫውታበት አፍንጫው ተፋቀ፡፡ ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ፡፡ እግሯ ለጥምቀት አይጠብቃትምና፡፡