ዱካ የሚይዝ መሬት

ዛሬ ወሬያችን ስለ ድንጋይ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ጎዳና ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው። እዚያ ያለችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተጠናቀቀች። አጥሩን ዳሰስ አድርጉት። የኢየሩሳሌም ድንጋይ ድሮ የባሕር ደለል ነበር። አዎ፣ እዚህ ባሕር ነበር!

ማስረጃው ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ሞሻቭ ቤት ዛይት ውስጥ አለ። በ1962 አንድ ነዋሪ ግቢውን ሲያስተካክል ባለ ሦስት ጣት ዱካ የታተመበት ድንጋይ ወጣ። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞሼ አቭኒመለክ መጥተው አጠኑት። ከ200 በላይ ዱካዎች ተገኙ፤ ሰጎን የሚመስሉ፣ በሁለት እግር የሚሄዱ ዳይኖሰሮች ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የረገጡት ነው። አጥንት የለም፣ ዱካ ብቻ።

እንዴት ቆየ? ቦታው ባሕሩ እየመጣ እየሸሸ የሚያረጥበው ጠፍጣፋ ዳርቻ ነበር። ጭቃው በጣም ከቀጠነ ዱካው ይደፈናል፤ ከደረቀም እግር አይቀበልም። መጠነኛ ሲሆን ግን ይይዛል። ከዚያ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አዲስ ደለል ይሸፍነዋል፣ በዘመን ብዛት ድንጋይ ይሆናል። ያኔ ቀይ ባሕር ገና አልተከፈተም፤ የዛሬዋ ኢትዮጵያና የዛሬዋ እስራኤል ያሉበት ምድር አንድ ነበር።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? ከቤት ዛይት ብዙ ሳይርቅ ሃር ሄርጽል ላይ፣ በሱዳን በኩል ሲመጡ ላለቁት ወገኖቻችን በ2007 የተመረቀ መታሰቢያ አለ። ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ተነስተው፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ኢየሩሳሌም እንገባለን ያሉ ሰዎች ናቸው። የረገጡት አፈር ግን ዱካቸውን አልያዘም።

ዳይኖሰሩ ዱካ ልተው ብሎ አልሄደም፤ ጭቃው ያዘለት። የወላጆቻችንን ጉዞ የምንይዘው ደግሞ እኛ ነን፣ ያውም ጊዜው ሳያልፍ። መንገዱን የሚያስታውሱት አርጅተዋል።

እናም በዚህ ሰንበት ሲወጣ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱ። ቡና ይፈላ። «ከየትኛው መንደር ተነሳችሁ? መንገድ የመራችሁ ማን ነበር? በመንገድ የቀረውስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ካልከፋቸው በስልካችሁ ቅዱት፤ በአማርኛም ሆነ በትግርኛ፣ በለመዱት ቋንቋ ይናገሩ። ዕብራይስጡ ኋላ ይደርሳል። ዝም ካሉም አትጫኗቸው፣ ሌላ ቀን ተመለሱ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ። ደህና ሁኑ።