የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቦርድ አባላትና ሥራ አስኪያጆች የፋይናንስ ዕውቀት ሥልጠና

የፋይናንስ ዕውቀት ሥልጠና የማኅበርን ሀብት እንዲመሩ ኃላፊነት የተሰጣቸው ሰዎች የሂሳብ መግለጫን አንብበው እንዲረዱ፣ እንዲጠይቁና እንዲወስኑ የሚያስችል ትምህርት ነው። መዝገብ መያዝ የሂሳብ ሠራተኛው ሥራ ሲሆን፣ የቀረበውን መግለጫ መርምሮ ማጽደቅ ወይም መመለስ የአመራሩ ሥራ ነው።

ሥልጠናው ለምን ያስፈልጋል?

በጋሞ ዞን በአርባ ምንጭ ዙሪያ በሚገኙት ኦቾሎ፣ ላንቴና ጫኖ አካባቢዎች ሙዝ ዋነኛ የገበያ ምርት ነው። ምርቱ ወደ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ይጓጓዛል። በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ አምራቾች ምርታቸውን በጋራ ሲሸጡ፣ የማኅበሩ አመራር የሚመረጠው ከአባላቱ መካከል ነው። የሚመረጠው ሰው በአብዛኛው አርሶ አደር እንጂ የሂሳብ ባለሙያ አይደለም። ሙዝ ቶሎ የሚበላሽ በመሆኑ ሽያጩ በጥድፊያ፣ አንዳንዴም በዱቤ ይፈጸማል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ትርፍ ያስመዘገበ ማኅበር ለአባላቱ የሚከፍለው ገንዘብ ሊያጣ ይችላል።

የሚከተለው ለማስረጃ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። አንድ ማኅበር 10,000 ኪሎ ግራም ሙዝ ከአባላቱ በኪሎ 30 ብር፣ በድምሩ በ300,000 ብር በእጅ በእጅ ገዛ። ለማጓጓዣና ለጉልበት 50,000 ብር ከፈለ። ምርቱን በኪሎ 38 ብር፣ በድምሩ በ380,000 ብር ሸጠ። የትርፍና ኪሣራ መግለጫው 30,000 ብር ትርፍ ያሳያል። ነገር ግን ገዢው የከፈለው 200,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 180,000 ብር ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህም ምክንያት የማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ በ150,000 ብር ቀንሷል። ዱቤው ሳይሰበሰብ ቢቀር የ30,000 ብሩ ትርፍ ወደ 150,000 ብር ኪሣራ ይለወጣል። ትርፉን ብቻ ተመልክቶ ክፍፍል የሚያጸድቅ ቦርድ ያልገባ ገንዘብ ያከፋፍላል።

የሥልጠናው ዋና ዋና ይዘቶች

1. የሀብትና ዕዳ መግለጫ፦ ማኅበሩ ያለውን ሀብት፣ ያለበትን ዕዳና የአባላቱን ካፒታል በአንድ ቀን ላይ ያሳያል።
2. የትርፍና ኪሣራ መግለጫ፦ የተወሰነ ጊዜን ገቢና ወጪ ያነጻጽራል።
3. የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ፦ በእርግጥ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ያሳያል።
4. የውስጥ ቁጥጥር፦ ገንዘብ የሚይዘው፣ ሂሳብ የሚመዘግበውና ክፍያ የሚፈቅደው ሰው የተለያየ እንዲሆን፣ ቼክም በጣምራ ፊርማ እንዲወጣ ማድረግን ያጠቃልላል።
5. የበጀት ዝግጅት፣ የብድር ውሳኔና የኦዲት ግኝትን ተከታትሎ ማረም።

የኃላፊነት ክፍፍል

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የሥራ አመራር ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባኤው ተጠሪ ሲሆን፣ የቁጥጥር ኮሚቴው አሠራሩን ይከታተላል። ሥራ አስኪያጁ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ያከናውናል፤ ዕቅድና ሪፖርትም ያቀርባል። አመራሩ የሥራ አስኪያጁን ሥራ ተክቶ መሥራት የለበትም፤ ሪፖርቱንም ሳይመረምር ማጽደቅ የለበትም።

አመራሩ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

• በባንክ መግለጫውና በመዝገቡ መካከል ልዩነት አለ? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
• በዱቤ የተሰጠው ምን ያህል ነው? የመክፈያ ጊዜው ያለፈበትስ?
• ለአባላት ያልተከፈለ የምርት ዋጋ አለ?
• ተበላሽቶ የተጣለው ምርት መጠን በሰነድ ተመዝግቧል?
• ባለፈው ኦዲት የታዩት ጉድለቶች ተስተካክለዋል?

ሥልጠናውን ለማግኘት

ሥልጠና የሚፈልግ ማኅበር ጥያቄውን በጽሑፍ ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። በጥያቄው ላይ የሠልጣኞችን ብዛትና የኃላፊነት ድርሻ፣ ሥልጠናው እንዲሰጥ የሚፈለግበትን ቋንቋና ወቅት መግለጽ ይጠቅማል። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ የቅርብ ጊዜ የሂሳብ መግለጫና የኦዲት ሪፖርት ይዞ መቅረብ ሥልጠናው በማኅበሩ እውነተኛ ሰነዶች ላይ እንዲመሠረት ያስችላል። አዲስ አመራር ሲመረጥ ሥልጠናው ርክክቡ እንደተፈጸመ ቢሰጥ ይመረጣል።

የአባላት ድርሻ

እያንዳንዱ አባል የያዘው ዕጣ ብዛት ሳይታይ አንድ ድምፅ አለው። ድምፁ ትርጉም የሚኖረው ግን የሚያጸድቀውን ሂሳብ ሲረዳ ነው። በጋሞ ባህል የማኅበረሰቡ ጉዳይ በዱቡሻ፣ በአደባባይ ተሰብስቦ ይመከርበታል። የማኅበር ሂሳብም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት፣ አባላቱ በሚረዱት ቋንቋ፣ በጋሞኛም ጭምር ሊብራራ ይገባል። አባላት ሪፖርቱን ከመጽደቁ በፊት ለመመልከትና ማብራሪያ ለመጠየቅ ይችላሉ። ሥልጠና የወሰደ አመራርም ለሚቀርብለት ጥያቄ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አገናዝቦ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል።