በስምጥ ሸለቆ ዳር የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥና ታሪካዊ ምስክርነቱ

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታቱና የጦርነቱ ዘመን በየተራው ይተረካል፤ ምድር የተንቀጠቀጠችበት ዘመን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ተነጣጥለው የሚነገሩት እነዚህ አደጋዎች የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍሎች መሆናቸውን፣ ይህንንም ማወቅ ዛሬ ቤት ለሚሠራው ሰው ጭምር የሚጠቅም መሆኑን ነው።

አስቀድመን ምክንያቱን እንመልከት። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ ሳይሆን ፕሌት በሚባሉ ታላላቅ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ እነዚህም በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር በ1904 ዓ.ም. አህጉራት ከቦታቸው እንደሚሄዱ ሲናገር ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር፤ የውቅያኖስ ወለል ከተጠና በኋላ ግን እንቅስቃሴው ተረጋገጠ። ሁለት ፕሌቶች በሚጋፉበት ስፍራ እንደ ሂማላያ ያለ ተራራ ይነሣል። በእኛ አገር የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ የደጋውን ምድር ከመረው። በኋላም የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች ሲለያዩ ምድሩ ተሰነጠቀ፤ መካከሉም ሰምጦ ስምጥ ሸለቆ ሆነ። የመለያየቱ ፍጥነት በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዐፋር ላይ የዐረቢያ ፕሌት ሦስተኛ ሆኖ ስለሚርቅ፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እሳተ ገሞራም ይበዛል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1835 ዓ.ም.፣ አንኮበር ተናወጠች፤ ተረተሩ ተንዶ ቤቶች ፈረሱ። አንኮበር የምትገኘው በደጋው ጫፍ፣ ቆላውን ቁልቁል በምታይበት ገደል ላይ ነው። ከ118 ዓመት በኋላ፣ በግንቦትና በሰኔ 1953 ዓ.ም.፣ በዚያው የገደል መስመር ወደ ሰሜን ሲል ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ የደሴም መንገድ ተሰነጣጠቀ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በዐፋር ሰርዶ ወደመች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አጠገብ ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ አራራቀው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ ዙሪያ ተከታትሎ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው አስነሣ፤ እስከ አዲስ አበባም ተሰማ።

ከዚህ የምንረዳው፣ በግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚጠራቀመው ኀይል በአንድ ሌሊት እንደሚለቀቅ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜም ከአንድ ሰው ዕድሜ እንደሚበልጥ ነው። የቅድመ አያቱ ቤት የፈረሰበትን ምክንያት ያልሰማ የልጅ ልጅ፣ በዚያው ተረተር ላይ እንደ ቀድሞው ይሠራል። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጥናት ጣቢያ የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በመሆኑ፣ የመሣሪያው መዝገብ ገና አጭር ነው። የጣቢያው መሥራች አባ ፒየር ጉዋን ዜና መዋዕልንና የተጓዦችን ማስታወሻ የመረመሩት ስለዚህ ነበር።

እንግዲህ ሥራው የጂኦሎጂ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የታሪክ ተማሪም በየገዳሙ መዝገብና በየሽማግሌው አንደበት ያለውን ምስክርነት፣ ከነቦታውና ከነዘመኑ ቢሰበስብ፣ ለመሐንዲሱ የማይተካ ርዳታ ይሆነዋል ብለን እናምናለን።