የሰማያዊው ብርሃን ታሪክ

የሰው ልጅ ጨለማን ለማሸነፍ ያደረገው ትግል ከራሱ ታሪክ ጋራ እኩል ዕድሜ አለው። እንጨት አነደደ፤ ጧፍ አበራ፤ ኩራዝ ሠራ፤ በመጨረሻም በብርጭቆ ውስጥ ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ እያጋለ ሌሊቱን ቀን አስመሰለው። ነገር ግን የሽቦው አምፑል ከሚቀበለው ኀይል አብዛኛውን የሚያጠፋው በሙቀት ስለ ሆነ በብርሃን መልክ የሚመልሰው ጥቂቱን ብቻ ነው። ዛሬ በየቢሮውና በየመንገዱ የምናየው ኤል ኢ ዲ የተባለው መብራት ይህን ብክነት በብዙ ቀንሶታል። የዚህን መብራት ታሪክ መመርመር የሚጠቅመው ስለ መብራቱ ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አንድ የምርምር ሐሳብ እንዴት እንደሚወለድ፤ እንዴትስ ተጥሎ ሊቀር እንደሚችል ያስተምረናል።

የመብራቱ አሠራር እንዲህ ነው። ከፊል አስተላላፊ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሁለት ስስ ንጣፎች ይዘጋጃሉ። በአንደኛው ኤሌክትሮን ይትረፈረፋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ኤሌክትሮን የጐደለበት ባዶ ስፍራ ይበዛል። ኤሌክትሪክ ሲተላለፍባቸው ትርፉ ኤሌክትሮን ወደ ባዶው ስፍራ ይገባል፤ በገባም ጊዜ የተረፈውን ኀይል በብርሃን መልክ ይለቀዋል። ለዐይን ከሚታዩት ቀለሞች መካከል ቀዩ አነስተኛ ኀይል ሲበቃው ሰማያዊው ግን ከፍ ያለ ኀይል ይፈልጋል። የችግሩም ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነበር።

በኤውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በ1907 ሄንሪ ራውንድ የተባለ እንግሊዛዊ የሬዲዮ ኢንጂኒየር በሲሊከን ካርባይድ ክሪስታል ላይ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍበት ብርሃን ሲሰጥ አየ፤ አጭር ማስታወሻም አሳተመ፤ ነገር ግን አልገፋበትም። በ1920ዎቹ ዓመታት ኦሌግ ሎሴቭ የተባለ ሩስያዊ ወጣት፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሳይፈጽም በሬዲዮ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ ሲሠራ፤ ያንኑ ብርሃን በጥንቃቄ መርምሮ ከሙቀት የመጣ አለመሆኑን ተረዳ። ዳሩ ግን በ1942 ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለች ሎሴቭ ገና በ38 ዓመቱ በረኃብ ሞተ። ሥራውም ለብዙ ጊዜ ተረስቶ ቀረ።

በ1962 ኒክ ሆሎንያክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሳለ ለዐይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠራ። አረንጓዴውም ተከተለ። ይሁን እንጂ ሰማያዊው ስላልተገኘ ከሦስቱ ነጭ ብርሃን ማውጣት አልተቻለም፤ ስለዚህ አዲሱ መብራት በመሣሪያዎች ላይ ምልክት ከመሆን አላለፈም።

ሰማያዊ ብርሃን ሊሰጥ እንደሚችል ከታሰቡት ንጥረ ነገሮች አንዱ ጋሊየም ናይትራይድ ነበር። ነገር ግን ሁለት መሰናክሎች ነበሩበት፤ አንደኛ፣ ጥራት ያለው ክሪስታል ማውጣት አስቸገረ፤ ሁለተኛ፣ ኤሌክትሮን የጐደለበትን ንጣፍ ከእርሱ መሥራት አልሆነም። አር ሲ ኤ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1972 ከእርሱ ሐምራዊ ብርሃን ለማውጣት ቢበቁም ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ ምርምሩም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተቋረጠ። ብዙዎቹ ሊቃውንት ፊታቸውን ዚንክ ሴሌናይድ ወደተባለው ንጥረ ነገር መለሱ። የዚያኛው ክሪስታል ይበልጥ የጠራ ስለ ነበር ምርጫቸው ያለ ምክንያት አልነበረምና መወቀስ አይገባቸውም።

ከተተወው መንገድ ላይ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ኢሳሙ አካሳኪ የተባሉት ጃፓናዊ ናቸው። እኒህ ሰው በ1978 ስንጥቅና ጕድፍ ከበዛበት ክሪስታል መካከል በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ እጅግ ደቃቅ የሆኑ፤ ግን ጥራት ያላቸው ቅንጣቶች አዩ። ከዚህም የተነሣ ጕድለቱ ከአሠራሩ እንጂ ከንጥረ ነገሩ አለመሆኑን ተረዱ። በ1981 ወደ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ሥራውን ቀጠሉ፤ ሂሮሺ አማኖ የተባለ ተማሪም ረዳት ሆናቸው።

አማኖ ክሪስታሉን ሰንፔር በተባለው ዕንቍ ላይ ለማሳደግ ከ1,500 ጊዜ በላይ ሞከረ። አንድ ቀን ምድጃው እክል ገጥሞት የተለመደውን ሙቀት መስጠት ቢያቅተው፤ አስቀድሞ በዝቅተኛ ሙቀት ስስ የአሉሚኒየም ናይትራይድ ንጣፍ ቢያነጥፍበትስ ብሎ አሰበ። በዚህም ዘዴ መምህሩና ተማሪው በ1986 ጥራት ያለውን ክሪስታል ለዓለም አስታወቁ። በ1989 ደግሞ ማግኒዚየም በተጨመረበት ክሪስታል ላይ የኤሌክትሮን ጨረር በማሳረፍ ሁለተኛውን መሰናክል አለፉት።

በዚሁ ጊዜ በሺኮኩ ደሴት ኒቺያ በተባለ፤ ፎስፎር በሚያመርት ኩባንያ ሹጂ ናካሙራ የተባለ ኢንጂኒየር ያንኑ ንጥረ ነገር ይመረምር ነበር። የኩባንያው መሥራች ኖቡኦ ኦጋዋ ለምርምሩ ገንዘብ ስለ ፈቀዱለት የራሱን ምድጃ አሰናዳ። በ1992 የናጎያው ጨረር ለምን እንደሠራ ገለጠ፤ ይኸውም ማግኒዚየሙን አስሮ የያዘው ሃይድሮጅን ስለ ነበረ ነው። ሃይድሮጅኑን ለማስወጣት ክሪስታሉን ማሞቅ ብቻ እንደሚበቃም አሳየ። በ1993 መጨረሻ ኩባንያው ደማቅ ሰማያዊ መብራት አወጣ፤ በ1996ም በሰማያዊው ላይ ቢጫ ፎስፎር በመቀባት ነጭ ብርሃን ለገበያ ቀረበ። ሦስቱም ሊቃውንት በ2014 የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ አካሳኪ ያን ጊዜ 85 ዓመታቸው ነበር።

ሽልማቱ በተሰጠበት ዓመት እንደ ተነገረው የሽቦው አምፑል በአንድ ዋት 16 ሉመን፣ ፍሎረሰንቱ 70 ያህል ሲሰጥ ከኤል ኢ ዲ የተገኘው ከፍተኛው ውጤት ከ300 በላይ ነበር። በጥቂት ኀይል ስለሚበራም አንዲት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ትበቃዋለች። እንግዲህ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት በገጠራችን፤ ዐይኑ በኩራዝ ጢስ ሲቈጠቍጠው የነበረው ተማሪ በፀሐይ በሚሞላ ፋኖስ ሲያነብ፤ ከራውንድ ጀምሮ የተቀባበሉት ድካም ፍሬው ቤቱ ደርሶለታል ማለት ነው።

ከ1978 እስከ 1986 ድረስ አካሳኪን «በየዓመቱ ምን አፈሩ?» ብሎ የጠየቀ ቢኖር የሚያሳዩት ከጥቂት ደቃቅ ቅንጣቶች በቀር የሚሸጥ ነገር አልነበራቸውም። ያ ቅንጣት ግን ምልክት ነበር። ምልክት የሌለው ተስፋ ግትርነት ነው፤ ምልክት ያለውን ተስፋ ደግሞ ፍሬው ዘገየ ብሎ መቍረጥ ጥፋት ነው። ስለዚህ በጀት የሚመድብ ሹም፤ ተማሪውን የሚመራ መምህር ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን እንቍላሉ በእግሩ የሚሄደው ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ሳይሰለች የሚታቀፈው ሲያገኝ ነው።