ምስልና ሙዚቃን በጊዜ ማናበብ፤ ዘጋቢ ፊልም የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ክንውናቸውን ለሕዝብ ከሚያሳውቁባቸው መንገዶች አንዱ ዘጋቢ ፊልም ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠሩ በርካታ የግል ስቱዲዮዎች በቦሌ፣ በሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ በገርጂና በመገናኛ አካባቢዎች ይገኛሉ። ምስሉን አንዱ ስቱዲዮ ሲያቀናብር ሙዚቃውን ሌላው የሚሠራበት ጊዜም አለ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ዜማው ከትዕይንቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከተገኘ፣ ምክንያቱ የባለሙያ ድክመት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሥራው ሲታዘዝ በጽሑፍ ሳይወሰኑ የቀሩ ጉዳዮችም ለዚህ ይዳርጋሉ።

የችግሩ መነሻ

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓ.ም. በቦሌ በአለም ሲኒማና በኤድና ሞል ማቲ ሲኒማ ከታዩት የአማርኛ ፊልሞች አብዛኞቹ በሴሉሎይድ ሳይሆን በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ነበሩ። ምስሉም ሙዚቃውም በኮምፒዩተር መሠራቱ ወጪን ቀንሷል። ይሁንና ሁለቱ ጊዜን የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው። ቪዲዮ ጊዜን በፍሬም ይቆጥራል፤ ሙዚቃ ደግሞ በምትና በመለኪያ ይቆጥራል። ማናበብ ማለት እነዚህን ሁለት አቆጣጠሮች በአንድ ሰዓት ማስኬድ ነው።

በ1957 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረችው ኢትዮጵያ ለቀለም ሥርጭት የመረጠችው ሥርዓት ፓል ሲሆን፣ ይህም በሴኮንድ 25 ፍሬም ያስተላልፋል። ቁጥሩ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ድግግሞሽ፣ ከ50 ኸርዝ ጋር የተጣጣመ ነው። አንድ ፍሬም የሚቆየው ለ40 ሚሊሴኮንድ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የውሳኔ ሐሳብ እንደሚያመለክተው፣ ተመልካች መዛነፉን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ ከምስሉ በ45 ሚሊሴኮንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊሴኮንድ ሲዘገይ ነው። በመሆኑም ድምፁ ከምስሉ በሁለት ፍሬም ከቀደመ ስሕተቱ ለተመልካች ግልጽ ይሆናል።

የማናበብ ዘዴዎች

በአሁኑ ወቅት እንደ ፕሮ ቱልስ፣ ሎጂክ ፕሮ፣ ኪውቤዝና ሪፐር ያሉ የሙዚቃ ማቀነባበሪያ ሶፍትዌሮች ቪዲዮውን በውስጣቸው ያጫውታሉ። ቀማሪው ምስሉን እየተመለከተ ሙዚቃውን በፍሬም ልክ ያስቀምጣል። ለዚህም እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የተቀመጠበት የቪዲዮ ፋይል ተመራጭ ነው። ለኢንተርኔት ተብሎ በእጅጉ የታመቀ ፋይል ወደ ተፈለገው ፍሬም ለመዝለል ኮምፒዩተሩን ያዘገያል።

ሁለተኛው ዘዴ ምስሉንና ሙዚቃውን በተለያዩ ኮምፒዩተሮች አስቀምጦ አንዱን መሪ፣ ሌላውን ተከታይ ማድረግ ነው። መሪው ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ሴኮንዱንና ፍሬሙን የሚገልጽ ታይም ኮድ ይልካል፤ ተከታዩም በዚያው ቦታ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ የተሰኘው የሙዚቃ መሣሪያዎች መገናኛ ሥርዓትም ታይም ኮድ ለማስተላለፍ ያገለግላል።

ታይም ኮድ የሚናገረው የት እንደተደረሰ ሲሆን፣ ፍጥነቱን የሚወስነው የየመሣሪያው የውስጥ ሰዓት ነው። የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ከሚሊዮን በ50 ቢለያይ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ 180 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም አራት ፍሬም ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ረጅም ሥራ ላይ መሣሪያዎቹ የጋራ ሰዓት ሊኖራቸው ይገባል።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

የመጀመሪያው የፍሬም ፍጥነት መለያየት ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም የተቀናበረ የ30 ደቂቃ ፊልም በ25 ቢጫወት በ28 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ያልቃል። በመጀመሪያው ርዝመት የተሠራው ሙዚቃ 1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይተርፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ናሙና ልክ ነው። የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲይዝ፣ ለቪዲዮ የተለመደው 48,000 ነው። ፋይሉ ሳይለወጥ በተሳሳተ ልክ ከተነበበ የ30 ደቂቃው ሙዚቃ ወደ 27 ደቂቃ ከ34 ሴኮንድ ገደማ ያጥራል፤ ቅኝቱም ከነበረበት ከፍ ይላል።

ሦስተኛው በተንቀሳቃሽ ስልክ የተቀረጸ ምስል ነው። ብዙ ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸውን እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ስለሚለዋውጡ፣ ምስሉ ኤዲት ከመደረጉ በፊት ወደ ቋሚ 25 ፍሬም መቀየር አለበት።

የሙዚቃው ፍጥነት ምርጫም ሥራውን ያቀላል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንዱ ምት 12 ፍሬም ተኩል ስለሚይዝ፣ ምቱ ሁልጊዜ ከፍሬም መጀመሪያ ጋር አይገጥምም። በደቂቃ 125 ምት ሲሆን ግን 12 ፍሬም፣ በ100 ምት ደግሞ 15 ፍሬም ይሆናል። የትዕይንት ለውጥን በምት ላይ ማሳረፍ የሚፈለግ ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል።

በትልልቅ አዳራሾች

እንደ ሚሌኒየም አዳራሽ ባሉ ሰፋፊ ሥፍራዎች ሌላ ጉዳይ ይነሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከድምፅ ማጉያው በ34 ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ እንግዳ 100 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። በአንጻሩ የትልልቅ ስክሪኖች መቆጣጠሪያ ምስሉን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ከፊት ለተቀመጡት ድምፁ ይቀድማል። መፍትሔው ከዝግጅቱ በፊት በቦታው ሞክሮ ድምፁን በሚፈለገው መጠን ማዘግየት ነው።

በቢጋር ውስጥ ሊካተቱ የሚገባቸው

ከሁሉም በላይ ወጪ የሚያስከትለው ሙዚቃው ከተሠራ በኋላ ምስሉን መለወጥ ነው። በፊልሙ መካከል የሦስት ሴኮንድ ትዕይንት ሲጨመር ከዚያ በኋላ ያለው ሙዚቃ በሙሉ 75 ፍሬም ይዛነፋል፤ ሙዚቃው እንደገና ሊሠራም ይችላል። ስለሆነም የሥራ ኃላፊዎች አስተያየት ተሰብስቦ ምስሉ በጽሑፍ ከጸደቀ በኋላ ብቻ ለቀማሪው ሊተላለፍ ይገባል።

በዚህ መሠረት የሕዝብ ግንኙነትና የግዥ ክፍሎች በቢጋሩ ውስጥ የሚከተሉትን ቢያካትቱ ክርክርንና ተጨማሪ ክፍያን ማስቀረት ይቻላል፦

- የፍሬም ፍጥነት በሴኮንድ 25፣ የድምፅ ናሙና በሴኮንድ 48,000 እንዲሆን፤
- ለቀማሪው የሚሰጠው ምስል ታይም ኮዱ በላዩ ላይ የሚነበብ እንዲሆን፤
- ፊልሙ በ01:00:00:00 የሚጀምር ከሆነ በ00:59:58:00 ላይ የአንድ ፍሬም ርዝመት ያለው የድምፅ ምልክት እንዲቀመጥ፤
- ምስሉ የሚጸድቅበት ቀንና አጽዳቂው ኃላፊ እንዲወሰኑ፤
- ርክክቡ የሚፈጸመው ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከታየ በኋላ እንዲሆን።

ምስሉና ድምፁ በመጀመሪያ ገጥመው ወደ መጨረሻው ከተራራቁ ስሕተቱ የፍጥነት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ከተዛነፉ ደግሞ የመነሻ ቦታ ስሕተት ነው። ተረካቢው ሠራተኛ ይህን ለይቶ ካመለከተ ስቱዲዮው ማስተካከያውን በአጭር ጊዜ ሊያደርግ ይችላል።