ቸርኬና አንድ ኢንች

«ቸርኬ» የሚለውን ቃል ከጣሊያንኛ ወረስነው፤ ሥሩ «ክብ» ማለት ነው። ከጋራዥ ውጭ እምብዛም አይነሣም። ሆኖም የአንዲት የስፖርት መኪና ታሪክ በዚህ ክብ ላይ በተቀነሱና በተደመሩ ጥቂት ሚሊሜትሮች ሊነበብ ይችላል።

መኪናዋ ፖርሽ 911 ናት። ሞተሯ ከኋላ ጎማዎች ባሻገር ስለተቀመጠ ክብደቷ ወደ ጅራቷ ያዘነብላል፤ በጥምዝ መንገድ ላይ አሽከርካሪው ድንገት እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ቢያነሣ ጅራቷ ራሷን ልቅደም ይላል። ለዚህ ጠባይ ከተፈለጉት መድኃኒቶች አንዱ የኋላውን ጎማ ማስፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ፓሪስ ላይ ለትርዒት የቀረበችው ካሬራ አር.ኤስ. 2.7 የፊት ቸርኬዋ 6፣ የኋላው ደግሞ 7 ኢንች ስፋት ነበረው።

የተጨመረው ኢንች ግን ወዴት ይሂድ? መልሱ ያለው ኦፍሴት በሚባለው ልክ ነው፤ ይኸውም ቸርኬው ከመኪናው ጋር ከሚታሰርበት ገጽ እስከ ስፋቱ እኩሌታ ያለው ርቀት ነው። መታሰሪያው ወደ ውጭኛው ፊት ሲጠጋ ቁጥሩ ያድጋል፣ ጎማውም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ኦቶ ፉክስ ለ911 በሠራቸው ቸርኬዎች የባለ 6 ኢንቹ ኦፍሴት 36፣ የባለ 7ቱ 23.3፣ ኋላ የመጣው የባለ 8ቱ 10.6 ሚሊሜትር ነው። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ቀንሰህ እይ! ልዩነቱ ሁለቱንም ጊዜ 12.7 ሚሊሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው። ስለዚህ የውስጠኛው ጠርዝ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ወጣ። ለአር.ኤስ.ም የኋላ ፓራፋንጎዎቿ በጠቅላላው 42 ሚሊሜትር እንዲሰፉ ተደረገ። ብዙዎች ለውበት ብቻ የተሣለ የሚመስላቸው ዳሌ የመጣው ከዚህ ነው።

ያንን ዳሌ የተመኘ ባለመኪና ዛሬ ስፔሰር ይገዛል፤ በቸርኬውና በመታሰሪያው መካከል የሚገባ የብረት ሰሌዳ ነው። ውፍረቱ ከኦፍሴቱ ይቀነሳል፤ በ36 ላይ 15 ሚሊሜትር ቢገባ 21 ይቀራል። መዘዙ ግን ከሒሳቡ ይበልጣል። ስፔሰሩ በወፈረ ቁጥር ዳዶው የሚነክሰው የብሎን ጥርስ ያንሳል፤ ብሎኑ በዚያው ልክ መርዘም አለበት፤ አለዚያ ጎማ በመንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። የመሀሉ ቀዳዳ በልኩ ካልገጠመ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ኩሽኔታውም ጭነቱ ይከብደዋል። ከፊት ሲሆን ደግሞ የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ በመሪው በኩል ለእጅ ይደርሳል፤ እኔ ብሆን ፊቱን አልነካውም። ኋላውን ግን መኪናዋ ሰውና ዕቃ እንደጫነች ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ እለካለሁ፤ ስፔሰር የምገዛውም ከዚያ በኋላ ነው።