ዳግመኛ የተከፈተ ትከሻ

የሰው ሠራሽ ትከሻ ታሪክ ሲጻፍ ልማዱ የመጀመሪያውን ተከላ ማወደስ ነው፤ ነገር ግን የዚህን ጥበብ መዝገብ በጥሞና ለሚመረምር ሰው፣ ሙያው ያደገው ያልሰመረውን ሥራ ደግመው ለመክፈት በደፈሩ ሐኪሞች እጅ መሆኑ ይገለጥለታል።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፣ ዡል ኤሚል ፔያን የተባለው ስመ ጥር ሐኪም፣ የትከሻውን አጥንት ነቀርሳ የበላበትን የ37 ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ያክም ነበር። ሕሙሙ ክንዱ ከሥሩ እንዲቆረጥ በብርቱ እንቢ ባለ ጊዜ፣ ፔያን ማይክልስ በሚባል የጥርስ ሐኪም እጅ ከፕላቲን ዘንግ፣ በፓራፊን ተቀቅሎ ከጠነከረ ጎማም ራስ አሠርቶ፣ በጠፋው አጥንት ስፍራ ተከለለት። ክንዱም ለጊዜው ታዘዘለት፤ ሆኖም ደዌው ከሥጋው ፈጽሞ አልራቀም ነበርና አገረሸ፤ ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላም የተተከለው ይነቀል ዘንድ ግድ ሆነ። እኔ ይህን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከፊተኛው አሳንሼ አላየውም፤ በደዌ በተያዘ አጥንት መካከል የተቀመጠ ባዕድ ነገር ለሕመሙ መሸሸጊያ እንደሚሆን ያስተማረ እርሱ ነውና።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ቻርልስ ኒር፣ የክንዳቸው አጥንት ራስ ለተሰባበረባቸው ሰዎች የብረት ራስ ሠርቶ፣ በ1955 ዓ.ም. የ12 ትከሻዎችን ውጤት አስታወቀ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ በትከሻው ጎድጓዳ በኩል የፕላስቲክ ገበታ ጨምሮ፣ በመገጣጠሚያ ብግነት ለሚሠቃዩት ሰዎች ሥራውን አሰፋላቸው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው መከራ የመጣው ከዚሁ ገበታ ነው። የትከሻ ጎድጓዳ እንደ ዳሌው ጥልቅ ስላልሆነ፣ የክንዱን ራስ በመካከል ይዘው የሚያቆሙት በዙሪያው ያሉት የአራት ጡንቻዎች ጅማቶች ናቸው፤ እነዚህ ባረጁና በተበጠሱ ጊዜ ራሱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ገበታውንም ዘወትር በአንድ ጠርዙ እየተጫነ፣ ነፋስ ወዲያና ወዲህ እንደሚወዘውዘው የድንኳን ካስማ ያላላዋል። እንዲህ የላላውን አውጥቶ በዚያው ዓይነት መተካት፣ መንሥኤው ሳይነካ ቀርቷልና፣ ክሽፈቱን መድገም ነበር።

መውጫውን በፈረንሳይ አገር በዲዦን ከተማ ፖል ግራሞን አገኘው። እርሱም በ1985 ዓ.ም. የአካልን ሥርዓት ገልብጦ፣ ሉሉን በትከሻው አጥንት ላይ፣ ጎድጓዳውንም በክንዱ አጥንት ራስ ላይ አደረገ። ከእርሱ በፊት ይህን የሞከሩ ነበሩ፤ ነገር ግን የእነርሱ መሣሪያ መዞሪያውን ከአጥንቱ አርቆ ያቆመ ስለ ነበረ፣ ኃይሉ ሁሉ በማሰሪያው ላይ እየወደቀ ይነቅለው ነበር። ግራሞን መዞሪያውን ወደ ውስጥና ወደ ታች አወረደው፤ ስለዚህም ዴልቶይድ የሚባለው ታላቁ የትከሻ ጡንቻ ጉልበቱ በዝቶ፣ ጅማቶቹ በሌሉበት ክንዱን ለብቻው ያነሣ ዘንድ ቻለ። መጀመሪያ ጅማታቸው ለጠፋ አረጋውያን የታሰበው ይህ ብልሃት፣ ኋላ የፊተኛው ተከላ ለከሸፈባቸው ሰዎች ዋና መጠጊያ ሆነ።

የፔያንን ሥራ ያፈረሰው ጠላት ግን፣ ነቀርሳው በሌላ ተሐዋሲ ተተክቶ፣ ዛሬም አልጠፋም። ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ በቆዳችን ውስጥ በጠጕር ሥር የሚኖር ሲሆን፣ ወደ ተተከለው ትከሻ ሲገባ ብዙ ጊዜ ትኩሳትም መቅላትም ሳያሳይ፣ በሕመምና በመድረቅ ብቻ ዓመታት ይሸሸጋል፤ ዕድገቱም እጅግ አዝጋሚ ነውና የተወሰደው ናሙና እስከ 14 ቀን ድረስ በቤተ ሙከራ ይጠበቃል። መኖሩ ከተረጋገጠ፣ ብዙ ሐኪሞች የተተከለውን ሁሉ አውጥተው፣ ጸረ ተሐዋሲ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ በስፍራው አኑረው፣ ቍስሉ እስኪጠራ ለሳምንታት ወይም ለወራት ከታገሡ በኋላ አዲሱን ይተክላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከአጥንቱ ጋራ የተዋሐደውን ዘንግ ማውጣት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጤናማውን የክንድ አጥንት በቁመቱ እስከ መሰንጠቅ ያደርሳልና። በዚህ የደረሰውን ጉዳት ያዩ ሰዎች፣ ዘንጉ በአጥንቱ ውስጥ በደኅና እንደ ተተከለ ሳለ የላይኛው ክፍል ብቻ ተፈትቶ፣ የቀናው ትከሻ ወደ ተገለበጠው እንዲለወጥ የሚያስችል መሣሪያ ሠሩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚተኛውም ሕሙም፣ ዘንጉ በአግባቡ ተተክሎ ከተገኘ፣ ከአጥንቱ መሰንጠቅ ይድናል።